ለሁሉም ሲንክ የሚሆን አንድ ቅመም የለም፤ በረኪናን ከሎሚ ጋር ደባልቁ ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የወጥ ቤት ሲንክን ስለማጽዳትና ጀርሙን ስለመግደል የሚመክር አንድ አጭር ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቶ እኔም ዘንድ ደርሷል። የጽሑፉ ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። ሲንክ ከምንም ይሠራ ከምን አጸዳዱ አንድ ዓይነት ነው፤ በረኪና ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር ሲደባለቅ ኃይሉ እጥፍ ይሆናል፤ ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ አብረው አረፋ ሲያወጡ ጀርሙንም ይገድላሉ፣ የተደፈነውንም መስመር ይከፍታሉ፤ ማታ ማታ የፈላ ውሃ ወደ ማፍሰሻው መድፋት ማንኛውንም ፀረ-ጀርም ይተካል፤ ሲንክን የሚያበራው የብረት ሽቦ ነው፤ የሚሸት ሲንክ በረኪና ያነሰው ሲንክ ነው፤ ዶሮ በሎሚ የታጠበበት ሲንክ በሎሚው ስለጸዳ ሌላ ነገር አያስፈልገውም፤ በመጨረሻም ውሃ ያልነካው በረኪና በቀን ሦስት ጊዜ ይደረግበት፣ ከዚያም ቧንቧው ተከፍቶ በብዙ ውሃ ይለቅለቅ ይላል። የጸሐፊው ስም በጽሑፉ ላይ ስለሌለ ጸሐፊው እያልሁ እቀጥላለሁ።

ጽሑፉ በቅን ልቦና እንደ ተጻፈ አልጠራጠርም፤ አንዳንዱም ምክር ትክክል ነው፤ ወደዚያም እመለሳለሁ። ከጸሐፊው ጋር የምለያየው በመሠረቱ በአንድ ጉዳይ ነው። ማጽዳትና ጀርም መግደል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው ዕለት ዕለት የሚሠራ ሲሆን ሁለተኛው ምክንያት ሲኖር ብቻ፣ ያውም ከመጀመሪያው በኋላ የሚሠራ ነው፤ ሁለቱም ከመጀመራቸው በፊት ደግሞ ገንዳው ከምን እንደ ተሠራና በቤቱ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንዳለ መታወቅ አለበት። ጽሑፉ ሁለቱን ሥራዎች አንድ አድርጎ፣ ገንዳዎቹንም ሁሉ አንድ አድርጎ፣ ውሃውንም እንደማይቋረጥ ቆጥሮ ይመክራል።

በጸሐፊው ቅደም ተከተል አልሄድም፤ ከነጥቦቻቸው አንዱ ሰው ሊጎዳ የሚችል ስለሆነ እርሱን ማስቀደም ግድ ይላል። በረኪና ውሃ ውስጥ የሟሟ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ሲሆን ለቤት አገልግሎት የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ ይይዛል። ቶሎ እንዳይበላሽ ሲባል ፈሳሹ አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ሆኖ ይዘጋጃል። ሎሚ ወይም አቼቶ ሲጨመርበት ይህ ሚዛን ይናጋና የክሎሪን ጋዝ መውጣት ይጀምራል። ጸሐፊው ኃይሉ ይጨምራል ሲሉ ነገሩን ከባዶ አልፈጠሩትም፤ የበረኪና አልካላይንነት በመጠኑ ሲቀንስ ሃይፖክሎረስ አሲድ የተባለው፣ ጀርም ለመግደል ፈጣን የሆነው ክፍል እንደሚበዛ የታወቀ ነው። ነገር ግን ይህ የሚሠራው በመለኪያ መሣሪያና በባለሙያ ክትትል ነው። ግማሽ ሎሚ ጨምቆ መጠኑን መቆጣጠር የሚችል ሰው የለም፤ አሲዱ ጥቂት ካለፈ ክሎሪኑ ፈሳሹን ለቆ ወደ አየር ይወጣል፤ ያን ጊዜ በገንዳው ላይ ሊሠራ የሚገባው ነገር በሳንባችን ላይ ይሠራል። በረኪና በንጹሕ ውሃ ሲበረዝም አልካላይንነቱ በራሱ ስለሚቀንስ፣ ጸሐፊው ከሎሚው የጠበቁት ጥቅም በከፊል ያለ ሎሚ ይገኛል።

ይህ ምክር በመሃል አዲስ አበባ ሲሠራበት የባሰ አሳሳቢ ይሆናል። በልደታም ሆነ በባሻ ወልዴ ችሎት ኮንዶሚኒየሞች ያሉት ወጥ ቤቶች ጠባብ ናቸው፤ በፒያሳና በአራት ኪሎ ዙሪያ በቀሩት አሮጌ ቤቶች ደግሞ ወጥ ቤቱ ብዙ ጊዜ ከኋላ የተቀጠለ፣ መስኮቱ ትንሽ የሆነ ወይም ጭራሹኑ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። የክሎሪን ጋዝ ከአየር ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ በወጥ ቤት ወለል ላይ የሚጫወት ሕፃን ከቆመችው እናቱ ይልቅ ይጠቃል ማለት ነው። አስም ላለበት ሰው ጥቂቱም ይበቃል። በተመሳሳይ ምክንያት በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ማገናኘት አይገባም፤ አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋርም እንዲሁ፤ ከዚህኛው የሚወጣው ክሎራሚን የተባለ ሌላ መርዛማ ጋዝ ነው። ስህተቱ ተፈጽሞ ከሆነ ሌላ ነገር አፍስሶ ለማምከን መሞከር ሳይሆን ሁሉንም ትቶ ከክፍሉ መውጣት፣ በርና መስኮት መክፈት፣ ዓይን ካቃጠለ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ሳሉ ወይም የትንፋሽ ማጠሩ ካልቆመ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ሎሚና በረኪና በየራሳቸው ጠቃሚ ናቸው፤ በአንድ ገንዳ ውስጥ ግን ሊገናኙ አይገባም፤ በአንዱ ከሠራን በኋላ ሌላውን የምንፈልግ ከሆነ በመካከል በደንብ መለቅለቅ የግድ ነው።

ሲንክ ሁሉ አንድ ነው ወደሚለው ነጥብ ልለፍ፤ የጽሑፉ ሌሎች ስህተቶች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው። ዛሬ በከተማችን በብዛት የሚታየው ሲንክ ከስቴንለስ ስቲል የተሠራው ነው። ይህ ብረት የማይዝገው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ስላለበት ነው፤ ክሮሚየሙ ከአየር ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑ ቢጫር እንኳ አየር እስካገኘ ድረስ ራሱን ይተካል። ለጥሩ ሲንክ የሚመረጠው 304 የሚባለው ዓይነት 18 በመቶ ያህል ክሮሚየምና 8 በመቶ ያህል ኒኬል አለው፤ በርካሾቹ ውስጥ ኒኬሉ ተቀንሶ በማንጋኒዝ የተተካበት 201 የሚባለው ይገኛል፤ ይህኛው በቀላሉ ይዝጋል። (ማግኔት ይዞ ሲንክ ለመግዛት የሚሄድ ሰው ካለ ይህን ይወቅ፤ ሁለቱንም ማግኔት እምብዛም ስለማይስባቸው ፈተናው አይለያቸውም።) ጸሐፊው ያሞገሱት ተራው የብረት ሽቦ ይህን ሽፋን ከመፋቁም በላይ የራሱን የብረት ብናኝ በገንዳው ላይ ይተዋል፤ በማግሥቱ የሚታዩት ቡናማ ነጠብጣቦች ብዙ ጊዜ የሲንኩ ሳይሆኑ የሽቦው ዝገት ናቸው። ሽቦው የሚሰጠው ብርሃን ጊዜያዊ ነው፤ ጭረቱ ግን ቋሚ ነው፤ ቅባትና የምግብ ትርፍራፊም የሚደበቀው በጭረቱ ውስጥ ነው። ለዚህ ገንዳ የሚስማማው በለስላሳ ስፖንጅና በላርጎ፣ በብረቱ ላይ የሚታዩትን ስስ መስመሮች ተከትሎ ማሸት ነው፤ የደረቀ እድፍ ካለ ቤኪንግ ሶዳን በጥቂት ውሃ ለውሶ መጠቀም ይቻላል።

የስቴንለስ ስቲል እውነተኛ ጠላት ክሎራይድ ነው፤ ጨው ውስጥም አለ፣ በረኪና ውስጥም አለ። ሽፋኑን በመርፌ እንደ ተወጋ አድርጎ ይበሳዋል፤ የተበሳው ቦታም በኋላ አይድንም። ስለዚህ ያልተበረዘ በረኪና ደጋግሞ ማድረግ፣ ይልቁንም ሞልቶ ማሳደር፣ ጸሐፊው እንደሚያስቡት ማንጻት ሳይሆን ገንዳውን መብላት ነው። በጨው የታሸ ሥጋ የታጠበበትን ውሃ በገንዳው ውስጥ ማሳደርም ያው ነው።

ሁለተኛው ዓይነት በአሮጌ ቤቶችና በግቢ ውስጥ የምናየው የሲሚንቶ ወይም የቴራዞ ገንዳ ነው፤ እብነ በረድ የተነጠፈበትም አለ። እዚህ ላይ የጽሑፉ ምክር ከሁሉ የከፋ ጉዳት ያደርሳል። እብነ በረድም ሆነ በቴራዞ ውስጥ ያለው የእብነ በረድ ፍንካች ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ሲሚንቶውም ለአሲድ እጁን ይሰጣል። አቼቶ ወይም ሎሚ ሲነካቸው አረፋ ይወጣል፤ ጸሐፊው አረፋውን የማጽዳት ምልክት አድርገው ያቀርቡታል፤ በዚህ ገንዳ ላይ ግን አረፋው ድንጋዩ እየሟሟ የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ልስልሱ ወለል ይሻክራል፤ የሻከረው ደግሞ የበርበሬና የቡና ቀለም እየመጠጠ ይይዛል፤ ባለቤቱ እድፉን ለማስለቀቅ ተጨማሪ ሎሚ ሲያሸው ጉዳቱ ይደገማል። ለዚህ ገንዳ ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከዚያም በጨርቅ ማድረቅ ይበቃል፤ ጀርም መግደል ካስፈለገ የተበረዘ በረኪና ለአጭር ጊዜ አድርጎ ማለቅለቅ ይቻላል።

በኢናሜል የተለበጠው የብረት ገንዳ አሁን እየቀረ ነው። ኢናሜል በብረት ላይ በከፍተኛ ሙቀት የቀለጠ ብርጭቆ ስለሆነ አሮጌው የሻይ ትሪ እንደሚሆነው ይሆናል፤ አንዴ ከተላጠ ዝገቱ ከሥር ይሰፋል፤ ሻካራ ዱቄትና ጠንካራ አሲድ ሊቀርበው አይገባም። የሴራሚክ ገንዳ በአንጻሩ ኬሚካል በደንብ ይችላል፤ የሚጎዳው በሚወድቅበት ከባድ ድስትና በድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ነው፤ በላዩ የሚታዩት ግራጫ መስመሮችም ብዙ ጊዜ ስንጥቅ ሳይሆኑ የድስት ብረት ያሰመራቸው ስለሆኑ በሶዳ ልውስ ይለቃሉ። ግራናይት እየተባለ የሚሸጠው አዲሱ ጥቁር ሲንክ ደግሞ አብዛኛው የኳርትዝ ወይም የግራናይት ብናኝ ሆኖ በአክሪሊክ ሙጫ የተያያዘ ነው፤ ጠንካራ በረኪና ቀለሙን ያነጣዋል፤ በላዩ የሚታየው ነጭ ቅርፊት የውሃው ማዕድን ስለሆነ ለእርሱ የተበረዘ አቼቶ ጥሩ ነው። እነሆ አቼቶ በአንዱ ገንዳ ላይ መድኃኒት፣ በሌላው ላይ ጥፋት ሆነ፤ ለሁሉም የሚሆን አንድ አጸዳድ አለ የሚለው ሐሳብም በዚሁ ይወድቃል።

ጽሑፉ ፈጽሞ ያላነሳው ሳፋን ነው። በመሃል ከተማ የጋራ ቧንቧ በሚጠቀሙ ግቢዎች ውስጥ ለብዙ ቤተሰብ ሲንኩ ሳፋው ነው፤ ሲንክ ያለውም ሰው ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ዕቃውን የሚያጥበው አብዛኛውን ጊዜ በሳፋ፣ ከጀሪካን እየቀዳ ነው። ፕላስቲክ ለበረኪናም ሆነ ለአቼቶ አይበገርም፤ ችግሩ ቶሎ መጫሩና ቅባት መያዙ ነው። በላርጎ ታጥቦ፣ ተደፍቶ፣ በፀሐይ ከደረቀ በአብዛኛው ይበቃዋል፤ ጭረቱ ጥልቅ ሆኖ ሽታው አልለቅ ያለ ሳፋ ግን ለልብስ ይተላለፍ እንጂ ለዕቃ አይቆይ።

ስለ ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ረጅም መጻፍ አያስፈልግም። ሶዳ አልካላይን፣ አቼቶ አሲድ ነው፤ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና ሶዲየም አሲቴት የተባለ ጨው ይቀራል። አረፋው ልል የሆነ ቆሻሻን ሊያነቃንቅ ይችላል፤ ጀርም አይገድልም፣ የረጋ ቅባትም አያሟሟም። ሶዳውን ለማሻሸት፣ አቼቶውን ነጩን ቅርፊት ለማስለቀቅ ለየብቻ መጠቀም ይሻላል። አቼቶ ብቻውንም አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ቢቀንስም እንደ በረኪና የሚታመን ፀረ-ጀርም አይደለም። አረቄም እንዲሁ ነው፤ አልኮል በደንብ የሚሠራው ከ60 በመቶ በላይ ሲሆን ነው፤ የቤት አረቄ ብዙውን ጊዜ ከ50 በመቶ በታች ነው፤ በዚያ ላይ ከምድጃ አጠገብ እሳት ይይዛል። ሶዳ ሲገዙም ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሰጣችሁ ተመልከቱ፤ እርሱ አሲድና ስታርች የተቀላቀለበት ለዳቦ የሚሆን ዱቄት ነው።

የፈላ ውሃን በተመለከተ ጸሐፊው መቶ ዲግሪ የደረሰ ውሃ ጀርምን ይፈጃል ይላሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይሁን እንጂ የእኔ ተቃውሞ በዚህ ላይ አይደለም፤ ዕቃን በሙቅ ውሃ ከጀርም ለማንጻት 77 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለ30 ሰከንድ መንከር ስለሚበቃ 92ም ከበቂ በላይ ነው። የሚያስፈልገው ግን መንከርና መቆየት ነው፤ በማንቆርቆሪያ የተደፋ ውሃ ግን ገንዳውን ነክቶ በሰከንዶች ውስጥ ያልፋል፤ ቀዝቃዛው ብረት ወይም ሴራሚክም ሙቀቱን ይቀማዋል። ከሥር የሚጠብቀው ደግሞ የፕላስቲክ መስመር ነው። በየቤቱ የተዘረጋው የፒቪሲ ቧንቧ ከ60 ዲግሪ በላይ ለሆነ ውሃ የተሠራ አይደለም፤ የፈላ ውሃ ማታ ማታ ሲደፋበት ይለሰልሳል፣ ይጣመማል፣ መጋጠሚያውም ያፈስሳል፤ ፍሳሹ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በታችኛው ጎረቤት ኮርኒስ ላይ ይታያል። ቅባቱንም ቢሆን አይፈውሰውም። ቅቤ በ35 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ የፈላው ውሃ ያቀልጠዋል፤ ነገር ግን ጥቂት ሜትር እንደሄደ ቀዝቅዞ እንደገና ይረጋል፤ የረጋው ቅባት ከእንጀራ ፍርፋሪ፣ ከሊጥ እጣቢና ከቡና አተላ ጋር ሲገናኝ እጅ በማይደርስበት ቦታ ይደፍናል። የወጥ ድስትን ከማጠብ በፊት ቅባቱን በሶፍት ወይም በደረቀ እንጀራ ጠርጎ ወደ ቆሻሻ መጣል፣ የቡና አተላንም ሲንክ ውስጥ አለመድፋት ከማንኛውም የፈላ ውሃ ይበልጣል። የፈላውን ውሃ ለጨርቁና ለስፖንጁ ተጠቀሙበት።

በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፤ የዕቃ ማጠቢያ ጨርቅና ስፖንጅ ከገንዳው በላይ ይቆሽሻሉ ብለዋል፤ እውነት ነው። ኤን ኤስ ኤፍ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 በ22 ቤተሰቦች ቤት ባደረገው ቅኝት የብክለት ምልክት ተደርገው የሚወሰዱት ኮሊፎርም የተባሉት ባክቴሪያዎች በ75 በመቶው ስፖንጅና ጨርቅ ላይ፣ በ45 በመቶው ሲንክ ላይ ተገኝተዋል። ጸሐፊው ከዚህ ቀጥለው ሁልጊዜ በርጥብ ጨርቅ ሲንኩን ማበስን ሲመክሩ ግን ራሳቸውን ይቃረናሉ። ያልተቀቀለና ያልደረቀ ጨርቅ የሚያበሰውን ነገር በሌላ ቦታ ይቀባዋል።

የሚሸተው ሲንክ በረኪና ያነሰው ነው የሚለውም ትክክል አይደለም። ከገንዳው ሥር ያለው የታጠፈ ቧንቧ፣ ቧንቧ ሠራተኞች ሲፎን የሚሉት፣ በመታጠፊያው ውስጥ ዘወትር ጥቂት ውሃ ይይዛል፤ ያ ውሃ የፍሳሽ መስመሩ ጋዝ ወደ ቤት እንዳይገባ የሚዘጋ በር ነው። ይህን ብልሃት እ.ኤ.አ. በ1775 ስኮትላንዳዊው ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ከሚንግ ለሽንት ቤት ባለቤትነት ማረጋገጫ ወስዶበታል፤ እስካሁንም እየተሠራበት ነው። ውሃ ለብዙ ጊዜ ጠፍቶ ሲንኩ ካልተሠራበት፣ ወይም ቤቱ ተዘግቶ ከከረመ፣ ያ ውሃ ተንኖ ያልቃል፤ ሽታው በቀጥታ ይገባል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ አንድ ጣሳ ውሃ ማፍሰስ ብቻ ነው። ሲፎኑ ውሃ እያለው የሚሸት ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ በውስጡ የተከማቸ ቅባትና ፍርፋሪ ነው፤ ከሥሩ ባልዲ አድርጎ፣ ሲፎኑን በእጅ ፈትቶ፣ በብሩሽና በላርጎ ማጠብ፣ ጎማውን በቦታው መልሶ ማጥበቅ ይገባል። መስመር መክፈቻ ኬሚካል ከተደፋበት በኋላ ግን ሲፎን አይፈታም፤ ኮስቲክ ሶዳ ከሆነ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። በቅባት ክምር ላይ የተደፋ በረኪና ሽታውን ለጥቂት ሰዓት ይሸፍነዋል እንጂ አያነሣውም፤ ክሎሪኑ የሚያልቀው በቅባቱና በምግቡ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዶሮው። በእኛ ቤት ዶሮ ሳይታጠብ ድስት አይገባም፤ በሎሚና በጨው ታሽቶ፣ ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ ደጋግሞ ይታጠባል። ይህን ልማድ በአንድ ጽሑፍ አስጥላለሁ የሚል ሐሳብ የለኝም። ጸሐፊው ግን ሎሚው ገንዳውንም ስለሚያጸዳው ሌላ አያሻም ሲሉ በበዓል ዋዜማ ከሁሉ የሚበልጠውን አደጋ ያቃልሉታል። በጥሬ ዶሮ ላይ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉ ባክቴሪያዎች ይገኛሉ፤ በውሃ የተበረዘ የሎሚ ጭማቂም ለአፍታ ነክቷቸው ሲያልፍ አይገድላቸውም። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ከኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረገው ጥናት ዶሮ ካጠቡት ተሳታፊዎች መካከል የ60 በመቶዎቹ ሲንክ ባክቴሪያ ተገኝቶበታል፤ ሲንኩን አጽድተናል ካሉ በኋላም በ14 በመቶዎቹ ላይ እንዳለ ቀርቷል፤ 26 በመቶዎቹም ባክቴሪያውን ወደ ሰላጣቸው አሻግረዋል። ዶሮው በኋላ ይቀቀላል፣ ሰላጣው ግን እንዳለ ይበላል። ስለዚህ ዶሮ ከሚታጠብበት ስፍራ ሰላጣ፣ ቲማቲምና የታጠበ ሰሃን አስቀድሞ ይነሣ፤ ዶሮው በቧንቧ ግፊት ሥር ሳይሆን በሳፋ ውስጥ በቀስታ ይታጠብ፤ እጣቢው ሳይረጭ ይደፋ፤ ከዚያ በኋላ ሳፋው፣ ገንዳው፣ የቧንቧው እጀታና ቢላዋው በላርጎ ታጥበው በተበረዘ በረኪና ይነጹ። ሥጋ በጥሬው በሚበላባቸው ቀናትም እንዲሁ ነው።

የበረኪናው መጠን የመጨረሻው ነጥብ ነው። ያልተበረዘ በረኪና የበለጠ ይገድላል ተብሎ የሚታሰበው በስህተት ነው፤ ለቤት ሥራ የሚፈለገውን አስቀድሞ የተበረዘው ያደርገዋል፤ ያልተበረዘው የሚጨምረው ሽታውን፣ የእጅን ቃጠሎና የገንዳውን ጉዳት ነው። 5 በመቶ ከሆነው በረኪና አራት የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 20 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ሲበረዝ 0.1 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ጥሬ ዶሮ ወይም ሥጋ ለነካው ገንዳ ይህ ይበቃል። ገንዳው በሳሙና ታጥቦ ከተለቀለቀ በኋላ ይቀባና ወይም ይረጭና ርጥብ እንደሆነ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያም ይለቀለቃል። ወዲያው ቀብቶ ወዲያው ማፍሰስ በረኪናን ማባከን ነው። ለተለመደው የምግብ ዕቃና ለሳፋ ደግሞ አንድ ያልሞላ የሻይ ማንኪያ በአንድ ሊትር ውሃ በቂ ነው፤ ይህ መጠን እንደገና መለቅለቅ ሳያስፈልገው ራሱ እንዲደርቅ ሊተው ስለሚችል ውሃ በሚጠፋባቸው ቀናት ይጠቅማል። ጸሐፊው የጠየቁት በብዙ ውሃ መለቅለቅ ሮቶ ለሌለው ቤት የሁለት ቀን የመጠጥ ውሃ ይሆናል።

በቀን ሦስት ጊዜ ማድረግም አያስፈልግም። ከየምግቡ በኋላ በላርጎ ማጠብና ማድረቅ፣ ጥሬ ሥጋ በተነካ ጊዜና በቤት ውስጥ ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው ሰው ሲኖር በበረኪና ማንጻት ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። የተበረዘው በረኪና በአንድ ቀን ውስጥ ኃይሉን ስለሚያጣ የየዕለቱን ብቻ መበረዝ ነው። ያልተበረዘውም በፀሐይና በሙቀት ይደክማል፤ ከትልቅ ጀሪካን ተቀንሶ በሃይላንድ የሚሸጠው ደግሞ ስንት በመቶ እንደሆነና መቼ እንደ ተመረተ አይታወቅም፤ ከዚህም በላይ ውሃ መስሎ ሕፃን ሊጠጣው ይችላል። ማሸጊያው ላይ የምርት ቀኑና መጠኑ የተጻፈበትን መግዛት፣ በራሱ ጠርሙስ ውስጥ ማቆየት፣ ከምድጃ ርቆ ጨለማ በሆነና ሕፃን በማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ፣ ለመርጫ የሚሆነውንም ጠርሙስ በላዩ በረኪና ብሎ የተበረዘበትን ቀን መጻፍ ያስፈልጋል።